ያልተቆረጠው ሠርግ

በጥር ወር ጎንደር ላይ የሠርግ ፊልም የምትቆርጥ ሴት ዘመድ የላትም። ለቅሶ አትደርስም፣ ክርስትና ብትጠራ አትሄድም፣ ምሳዋን የምትበላው በቁሟ ነው። ጾሙ ሳይገባ ልጁን ለመዳር የተጣደፈ ሁሉ ድንኳኑ ሳይነቀል «ፊልሙ አልደረሰም ወይ?» እያለ ይደውልባታል። እኔም ያን ጊዜ አራዳ ውስጥ፣ ከጋሽ ፈንታሁን ፎቶ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ፣ ሰው የጨፈረውን ስቆርጥና ስቀጥል ዓመታት አልፈውኝ ነበር። ስሜ ብርቱካን ነው። ቁጡ ነኝ፤ ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል።

ጋሽ ፈንታሁን የፎቶ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ደግ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ ስለ እሳቸው የማወራው ብዙም ደግ ስላልሆነ ነው። አንድ ጊዜ ደንበኛ ባመጣው ፍላሽ የገባ ቫይረስ የሰው ሠርግ ሙልጭ አድርጎ አጥፍቶባቸው፣ ከሙሽራው አጎቶች ጋር የታረቁት በሽማግሌ ነው። ከዚያ ወዲህ ቫይረስ አይደፍረውም ሲባል የሰሙትን ሊኑክስ የሚባል ሲስተም አስጫኑ። እውነትም ቫይረስ አልደፈረውም። የደፈሩት እሳቸው ናቸው።

በዚያ ሰሞን በእጄ ከነበሩት ሠርጎች አንዱ የማስተዋል ነበር። ማስተዋል የጭልጋ ልጅ ናት፤ የተዳረችውም አይከል ከተማ ዳር ካለው ከአባቷ ቤት ነው። ያገባት አንተነህ እዚሁ ጎንደር የሒሳብ መምህር ነው። ከሠርጉ ግን ዋናዋ ሰው ጎድላ ነበር። የሙሽራዋ እናት እማማ አንጓች ጠላው ተጠንስሶ፣ ሰው ተጠርቶ ካለቀ በኋላ ሆዳቸው ውስጥ እጢ ተገኘባቸውና ጎንደር መጥተው ሆስፒታል ተኙ። ሠርጉ ይተላለፍ ቢባሉ፣ ጾም ሊገባ ነው፣ በእኔ የተነሣ የልጄ ድግስ አይፈርስም ብለው እምቢ አሉ። እናት አልጋ ላይ፣ ልጅ ጫጉላ ላይ ሆነው ሰነበቱ።

ምስሉን ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ስመለከተው አንድ ቦታ አስቸገረኝ። ሙሽራ ከቤቷ ከመውጣቷ በፊት የወላጆቿን ጉልበት ስማ ትመረቃለች። የማስተዋል አባት አያ ታከለ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው፤ ነጠላ ብቻ ተደርቦበታል። ዙሪያውን ሴቶች ይጨቃጨቃሉ፣ እጅ ይወናጨፋል። እኔ እንደ ልማዴ ድምፁን አጥፍቼ አፍጥኜ አለፍኩት፤ በጥር የሠርግ ሁሉ ጭቅጭቅ እየተሰማ ሥራ አይሠራም። በዚያው ቀን ደግሞ የአያ ታከለ እህት እትዬ ውባለም ደወሉልኝና የባዶ ወንበሩን ነገር ከፊልሙ እንዳወጣው ለመኑኝ። ባዶ ወንበር የሞተ ሰው ያስመስላል፣ ለበሽተኛ አይበጅም አሉ። እውነት መሰለኝ። የሚቆረጥበትን ቦታ ምልክት አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ ጥቂት ነጭ መስመሮች ጻፈና ቀጥ አለ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ያው ነው። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፤ ያው ነው። ዞር ስል ጋሽ ፈንታሁን የፎቶ መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላሉ። በሕይወታቸው መስታወት ወልውለው አያውቁም። ማታ ከሄድኩ በኋላ ነክተውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ትንሽ ላሻሽለው ብዬ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ከርነል የሚሉት ነገር አለ፤ የሲስተሙ መሠረት ነው፤ ስክሪኑም፣ ዲስኩም፣ ድምፁም የሚታዘዙት እሱን ነው። ድራይቨር ደግሞ እያንዳንዱን ዕቃ ከዚያ ከርነል ጋር የሚያግባባ ነው። ለአንዱ ከርነል የተሠራ ድራይቨር ለሌላው አይሆንም፤ የእናንተ ቤት ቁልፍ የጎረቤታችሁን በር እንደማይከፍት ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ የሚመጡት ፓኬጅ በሚባል ጥቅል ሲሆን፣ በደጉ አገር ፓኬጅ ከኢንተርኔት ይወርዳል። እኛ ዘንድ ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ እንደ እርሾ እንዋዋሳለን። አንዱ ያወረደውን በፍላሽ ለሌላው ይሰጣል፣ ያም ለሌላው ያቀብላል፤ ከማን ቤት እንደተነሣ የሚያውቅ የለም።

ጋሽ ፈንታሁንም ባሕር ዳር ኮምፒውተር የሚሠራ የእህታቸው ልጅ የላከላቸውን ፍላሽ ሰክተዋል። ፍላሹ ላይ ያለው ግን ከእኛ ለሚልቅ አዲስ ሲስተም የተሠራ ነው። ማሽኑ አይስማማኝም ብሏቸዋል። «አይስማማኝም ካለዎት ምነው ዝም አላሉትም?» ብላቸው፣ የእህታቸው ልጅ «አስገድደው» የሚለውን ትእዛዝ በስልክ እንደነገራቸው አስረዱኝ። በግድ ገባ። አዲሱ ከርነል ቤት ውስጥ ሆነ፣ አብረውት መምጣት የነበረባቸው ግን በር ላይ ቀሩ። ይኸው ነው ጥቁሩ ስክሪን።

ይህን እያጣራሁ ሳለ አንተነህ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። እማማ አንጓች ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ሊገቡ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል፤ ሆኖም የሠርጉን ፊልም ሳላይ አልፈርምም ብለዋል። ሐኪሙ ለምኗቸዋል፣ ባላቸው ለምነዋቸዋል፣ ቄስም መጥቶ መክሯቸዋል። ወይ ፍንክች። የነገው ተራ ካለፈ ደግሞ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እጢው ግን ተራ አይጠብቅም።

«ብርቱካን፣ እንደምንም ዛሬ አድርሺልኝ» አለኝ።

ስክሪኑን አሳየሁት። የሒሳብ መምህር ነው እንጂ ስለ ኮምፒውተር አያውቅም፤ ግን ፊቴን አይቶ ገባው።

ከዚያ በኋላ የመካሪው ብዛት። የስቱዲዮ ኮምፒውተር ተበላሸ ከተባለ አራዳ ውስጥ የማይገባ ሰው የለም። ሁሉም የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፦ «ፎርማት አድርጊው።» የልብስ ስፌቱ ሰውዬ ፎርማት አድርጊው ይላል። የጁስ ቤቷ ልጅ ፎርማት ይሻላል ትላለች። የባሕር ዳሩ የእህት ልጅ በስልክ ፎርማት ካደረጋችሁት አዲስ ይሆናል ይላል። አዎ፣ አዲስ ይሆናል፤ የማስተዋልም ሠርግ አብሮ ይጠፋል። የካሜራው ካርዶች ተጠርገው ማክሰኝት ላይ ሌላ ሠርግ እየቀረጹ ነበር። ያ ሠርግ በምድር ላይ ያለው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ባስረዳም «እሺ፣ ግን ፎርማት…» የሚል አላጣም።

ጎረቤታችን ቢኒያም ሞባይልና ላፕቶፕ ይጠግናል። ዲስኩን ንቀይና አምጪው፣ በእኔ ላፕቶፕ ከፍተን ምስሉን እናወጣዋለን አለኝ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ዲስኩን ፈትቼ ወሰድኩለት። ሰካው። ላፕቶፑ ትንሽ አሰበና አንድ መስኮት ከፈተ። ዲስኩ አይነበብም፣ ለመጠቀም ፎርማት መደረግ አለበት፣ ይደረግ ወይ ይላል። የሊኑክስ ዲስክ ለእሱ ላፕቶፕ የማያውቀው ቋንቋ ነው፤ ያልገባውን ነገር ባዶ ነው ብሎ ያስባል። ቢኒያም ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ ለዚህ ጥያቄ አዎ የሚል ሰው ነው። ጣቱ በልማድ ወደ አዎ ሲሄድ አየሁት።

እጁን በጥፊ መታሁት። ገመዱን ከላፕቶፑ ነቅዬ ዲስኩን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምኩ። ቢኒያም እጁን እያሻሸ አፍጥጦ ያየኛል። ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ስድብ ነው። ይቅርታውን በኋላ ጠየቅኩት።

ዲስኩን መልሼ ማሽኑ ውስጥ ከሰካሁ በኋላ ነው ረጋ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት። አሮጌው ከርነል ገና አልጠፋም። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ከያዙት በየትኛው ልነሣ ብሎ ይጠይቃል። በአሮጌው ተነሣ አልኩት። ተነሣ። ነገር ግን የስክሪኑ ድራይቨር ማታ በአዲሱ ተለውጧልና ከአሮጌው ከርነል ጋር አልተግባባም። ምስል የለም፣ ማውስ የለም፤ ጥቁር ገጽ ላይ ጽሑፍ ብቻ ነው። ትእዛዝ ስጽፍ ይመልሳል፤ የፊልም መቁረጫው ግን አይከፈትም። እኔ ደግሞ በጽሑፍ ሠርግ አልቆርጥም።

ስለዚህ ፓኬጆቹን ላስታርቅ ተቀመጥኩ። እናንተ የተጣሉ ወንድማማቾች አስታርቃችሁ ታውቁ ይሆናል። ይኼኛው ያኛው ካልወጣ አልገባም ይላል። ያኛው ሦስተኛው ካልመጣ አልወጣም ይላል። ሦስተኛው እዚህ የለም፣ ኢንተርኔት ላይ ነው ይባላል። አንዱን ሳስወጣ ሌሎች ተከትለውት ሊወጡ ይነሣሉ፤ ከሚወጡት ውስጥ የፊልም መቁረጫው ራሱ አለበት። ተው ብዬ እመልሳለሁ። እንደገና ከመጀመሪያው። አንተነህ በየመሐሉ በሩን ገፋ አድርጎ ፊቴን ያይና ሳይጠይቀኝ ይመለሳል። ያ ዝምታው ከጥያቄ በላይ አናደደኝ።

በስልኬ ኢንተርኔት ልሞክር ብዬ ከማሽኑ ጋር አገናኘሁት። ተአምር ነው፣ ያን ቀን ኢንተርኔቱ ነበረ። ማሽኑ ግን ከኢንተርኔት የመጣውን አልቀበልም አለ። ምክንያቱን በነጭ ፊደል ጻፈልኝ፤ ይህ የፓኬጅ ዝርዝር ገና አልጸናም፣ የሚጸናው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ከሰባት ዓመት በኋላ? ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት።

የኛን ዓመተ ምሕረት ነገረኝ። ሰዓቱም የኛው ነው። ጥር አምስተኛ ወራችን ነውና እሱ ወሩን የፈረንጅ አምስተኛ ወር አድርጎ ይዞታል።

«ጋሽ ፈንታሁን» አልኩ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ። ስጮህ ሳይሆን ዝግ ስል እንደሚብስብኝ እሳቸውም ያውቃሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፎቶው ጥግ ላይና ፊልሙ ግርጌ የሚታተመውን ቀን የሚያወጣው ማሽኑ ነው። ጋሽ ፈንታሁን የጎንደር ሰው ሠርግ ላይ የፈረንጅ ቀን አይታተምም ብለው፣ ሊኑክሱ የገባ ቀን የማሽኑን ሰዓትና ዘመን በእጃቸው ወደኛ ለውጠውታል። እኔ የፊልሙን ግርጌ ሳይ ቀኑ ትክክል ነውና ከየት እንደመጣ አስቤ አላውቅም። ጳጉሜን ስትመጣ ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር አላውቅም ስለሚላቸው፣ መስከረም እስኪጠባ ነሐሴ ሠላሳ ላይ ገትረው ያቆዩት ነበር። ማሽኑ ደግሞ ከኢንተርኔት የመጣለትን ነገር ሁሉ ቀኑን እያየ፣ ገና ወደፊት ከሚመጣ ዘመን የመጣ ነው ብሎ ሲመልስ ኖሯል። እኛ ስንት ዓመት ኢንተርኔቱን ስንረግም፣ ፍላሽ ስንዋስ፣ በግድ ስናስገባ የኖርነው ለዚህ ነው። ኢንተርኔቱ ይረገም፣ ይገባዋል፤ የዚህ ጥፋት ግን የእሱ አልነበረም።

ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሣቅሁ። የሚያስፈራ ሣቅ ነበር መሰለኝ፣ ጋሽ ፈንታሁን «ልጄ፣ ውሃ ልስጥሽ?» አሉኝ።

ቀኑን አስተካከልኩ። ወዲያው ማሽኑ የመጣለትን ሁሉ እሺ ይል ጀመር። ትክክለኛው ከርነል፣ ከእሱ ጋር የሚሄደው ድራይቨር፣ ሁሉም በሥርዓቱ እየተጠራ መውረድ ያዘ። ቀስ ብሎ ነው፤ ግን እየወረደ ነው። አንተነህን ጠርቼ አሳየሁት። ፊልሙን እስከ ማታ ቆርጬ፣ ዘፈን አስገብቼ፣ አሣምሬ እሰጥሃለሁ አልኩት። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

መብራት ጠፋ።

ማሽኑ እንደያዘው ድርግም አለ። ለእንዲህ ያለ ቀን የተገዛው ባትሪ ካረጀ ከራርሟል። ግማሹ ገብቶ ግማሹ ያልገባ ጥገና ይዤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቀረሁ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለእማማ አንጓች አዝኜ ነው ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን በንዴት ነው። አንተነህ ወጥቶ ለሚስቱ ደወለ። አልደረሰም፣ እንጃ ምናልባት አይደርስም ሲላት ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ለእኔ ዘረጋልኝ። አማቱ ሊያናግሩኝ ይፈልጋሉ።

«ልጄ፣ ፊልሙን የምትቆርጪው አንቺ ነሽ አሉ?» የደከመ ግን የጠራ ድምፅ ነው።

«አዎ እማማ።»

«ምነው ትቆርጭዋለሽ?»

እንደዚህ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንዲያምር ነው፣ የሚያሰለቸው እንዲወጣ፣ ዘፈን እንዲገባበት ነው አልኳቸው።

«ሸጋ ሸጋውንማ እዚህም ይነግሩኛል» አሉ። «ሠርጉ ሸጋ ነበር፣ ምንም አልጎደለም ይሉኛል። ለታመመ ሰው እውነት አይነገርም፣ ልጄ። እኔም ለእናቴ አልነገርኳትም። ወንድሟ ሞቶ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሻል እያልኩ ነው የቀበርኳት። አሁን ተራው የእኔ ነው። ማስተዋል የማንን ጉልበት ስማ እንደወጣች ብጠይቃት ታለቅሳለች፣ አትነግረኝም። በእኔ ቦታ ማን እንደተቀመጠ ሳላውቅ ቢላ ስር አልተኛም። ያልቆረጥሽውን አምጪልኝ።»

ስልኩን ዘጉ። ቀኑን ሙሉ የታገልኩት እሳቸው ለማይፈልጉት ነገር ነበር። ቆርጬ፣ አሣምሬ፣ ዘፈን ጭኜ ብወስድላቸው ኖሮ የሚፈልጉት የባዶ ወንበሩ ሦስት ደቂቃ ውስጡ የለም። አላመንኳችሁም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። ያልተቆረጠውን ለማውጣት ደግሞ ስክሪን አያስፈልግም፣ ድራይቨር አያስፈልግም። በአሮጌው ከርነል ከተነሣሁ ጊዜ ጀምሮ በዚያ ጥቁር ገጽ ላይ አንዲት መስመር ጽፌ ፍላሽ ላይ መገልበጥ እችል ነበር። ማንም ምን ማየት እንደሚፈልጉ አልጠየቃቸውም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

መብራቱ ሲመለስ አመሻሽቶ ነበር። በአሮጌው ከርነል አስነሣሁት፣ መስመሯን ጻፍኩ፣ ፋይሎቹ ማንኛውም ኮምፒውተር ወደሚያነበው ፍላሽ ሄዱ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ቢኒያም እጁን በጥፊ የመታሁትን ነገር ሳያነሣብኝ ላፕቶፑን አዋሰኝ።

ከአንተነህ ጋር ባጃጅ ውስጥ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ስሄድ ያን ቦታ ከፍቼ በድምፅ ልየው አልኩ። በውስጡ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ የማውቀው ባዶ ወንበርና ጭቅጭቅ እንዳለ ብቻ ነው። ነገ ቢላ ስር ለሚተኙ ሴት የራሳቸውን ባዶ ወንበር ላሳይ ነው የምሄደው። አንተነህን ጠየቅኩት፤ እሱ ያን ጊዜ ከሚዜዎቹ ጋር ደጅ ቆሞ ስለነበር አላየም። ጣቴ ላፕቶፑ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ካየሁት እንደምቆርጠው አወቅኩት።

ሆስፒታሉ ውስጥ የጥየቃ ሰዓት ነበር። ማስተዋል ከአልጋው ራስጌ ቆማለች፤ እትዬ ውባለም ግርጌ ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ ዓይናቸውን አጠበቡብኝ። እማማ አንጓች ቀጭን ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ከዓይናቸው በቀር የቀረ ነገር የለም። ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩና ምርቃቱ ካለበት ከእልፍኙ ጀምሮ ከፈትኩት።

አያ ታከለ ተቀምጠዋል። ባዶው ወንበር አለ። የእትዬ ውባለም ድምፅ መጣ፤ ባዶ አይሁን፣ ሟርት ነው፣ ግድ የለም እኔ ልቀመጥላት ይላል። ሌሎች ሴቶችም ይደግፏቸዋል። አልጋው ግርጌ ያሉት እትዬ ውባለም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ የማስተዋል ድምፅ ነው፦

«እናቴ ሆስፒታል ናት፤ አልሞተችም። እሷ ቦታ ላይ ማንም አይቀመጥም።»

ጭቅጭቁ ተነሣ፣ ያ እኔ ድምፁን አጥፍቼ ያለፍኩት። ማስተዋል ቬሎዋን ሰብስባ ተንበረከከች። የአባቷን ጉልበት ሳመች። ከዚያ ወደ ባዶው ወንበር ዞረችና ነጠላው በሚወርድበት፣ ጉልበት ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ሳመችው። አያ ታከለ ይመርቁ ጀመር። መሐል ላይ ወደ ባዶው ወንበር አዩና እንዲህ አሉ፦

«የእናትሽን ምርቃት ከእሷው ትቀበያለሽ። ይቆይሻል።»

እማማ አንጓች መልሺው አሉኝ። መለስኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዩት ማስተዋል አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ነበር፤ ታለቅሳለች፣ ጉልበታቸውን ይዛለች። እናቷ እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። ሁላችንም ምርቃቱን ጠበቅን።

«አሁን አልመርቅሽም» አሉ። «ይቆይሻል ተብሎ የለም? ነገ ወጥቼ እመርቅሻለሁ።» ወደ አንተነህ ዞሩ። «በል ያንን የሚፈረመውን አምጡት።»

እትዬ ውባለም ተነሥተው ወጡ። መተላለፊያው ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። እንዳልተቀየምኳቸው ብነግራቸው፣ ያለቀሱት በእኔ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ሟርቱን ፈርተው እንጂ የእማማ አንጓችን ቦታ ፈልገው አልነበረም።

እማማ አንጓች ከኦፕራሲዮኑ ወጡ። ምርቃቱንም ሰጡ፤ እኔ አልነበርኩም፣ አንተነህ ነው የነገረኝ። ረጅም ነበር አለ፣ ነርሷ መጥታ እስክታስቆማቸው።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሰዎች ማሽኑን ላመሰግነው የምፈልግ ይመስላችሁ ይሆናል። በዚያ ጠዋት እሺ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ቆንጆ ፊልም ይዤ እሄድ ነበር፤ እማማ አንጓችም ሳይፈርሙ ይቀሩ ነበር። እውነት ነው። እኔ ግን አላመሰግነውም። ጨርሼ ለመጠገን ሳምንት ፈጀብኝ፤ አሁንም ሳስበው ራሴን ያመኛል። ቀኑ የፈረንጅ ሆኖ ቀርቷል፤ ጋሽ ፈንታሁን የኛን ቀን በፊልሙ ግርጌ በእጃቸው ይጽፉታል፣ ጳጉሜንንም ያለ ችግር። የእህታቸው ልጅ ፍላሽ ሲልክላቸው ግን ኪሳቸው ውስጥ ሲደብቁ አያቸዋለሁ።

በእኔ ላይ የተለወጠው ሌላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው የሚጨቃጨቅበትን ቦታ ድምፁን አጥፍቼ አላልፍም። ዘመድ ደውሎ ይህን አውጪልን ሲለኝ ማን እንዳያየው ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ሰው ይቆጣኛል፤ ሥራዬም ዘግይቷል፤ በጥር ምሳዬን አሁንም በቁሜ ነው የምበላው። እናንተም ለታመመ ሰው ሁሉም ደህና ነው ስትሉ ደግማችሁ አስቡበት። እኛ ደብቀን የምናሳርፈው እየመሰለን፣ እሱ የደበቅነውን ሲፈልግ ያድራል።

ከፋሲካ በኋላ እማማ አንጓች ከጭልጋ ከልጃቸው ጋር ፎቶ ቤት መጡ። ሰውነታቸው መለስ ብሏል። የተጠናቀቀውን ፊልም ከፈትኩላቸው። ባዶውን ወንበር አልቆረጥኩትም፣ ድምፁንም እንዳለ ትቼዋለሁ፤ የቀረውን ግን አሣምሬዋለሁ፣ ዘፈኑም ቀለሙም ተስተካክሏል። በሥራዬ ኮርቼ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩት።

«ሸጋ ነው» አሉኝ። «እጅሽ ይባረክ። በይ እንግዲህ ያኛውን ስጪኝ።»